የዓፊፋ ሱቅና የሰው ጆንያ

የዓፊፋ ሱቅ ዛሬም ክፍት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያኔ እኔን የያዘኝ ጭንቀት አንባቢንም እንዳይዘው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር የሷን ሱቅና የኔን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ነው።

ዓፊፋ የቡሬ ልጅ ናት። ባሏ ጠሃ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ባትሪ ይሸጥ ነበር። እሱ ሲሞት እሷም ያንኑ መሸጥ ቀጠለች፤ ልጇን ሳቢሃን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚሁ ሱቅ ነው። ሀብታም የሚያደርግ ንግድ አይደለም።

የሱቁ ጉድ ያለው ከጀርባ ነው። ከቋሪት ወይም ከደምበጫ ገጠር የመጣ ገበሬ በርበሬው ወይም እህሉ ሳይሸጥ ቀኑ ከመሸበት መልሶ አይሸከመውም። ዓፊፋ ጓዳ አስቀምጦ እስከሚቀጥለው ገበያ አገሩ ይገባል። ኪራይ የለ፣ ወረቀት የለ። አንድ ጊዜ "በጆንያ ትንሽ ትንሽ ብታስከፍያቸው ምናለ?" ብያት ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። ለሷ አደራ ላይ ዋጋ መጥራት የጎረቤት ልጅ አጥብቶ ሂሳብ እንደመጠየቅ ነው።

በአደራ አጠባበቋ ላይ አንድ የማትለቀው ልማድ አላት። ደላላ የማን በርበሬ ሳይሸጥ እንዳደረ ካወቀ ባለቤቱን መንገድ ላይ ጠብቆ ዋጋ ያወርድበታል። ስለዚህ ጆንያዎቹን አይቶ "የማን ነው?" ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ "የኔ ነው።" ከዚያ በላይ አትናገርም። ደላሎቹም ይህን ስለሚያውቁ ይረግሟታል።

ታዲያ ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ የግብር ገማቾች በገበያ ቀን መጡ። የየሱቁን የቀን ገቢ የሚገምቱት እነሱ ናቸው። ሱቁ በሰው ተጨናንቋል፣ ዓፊፋ ጨው ትመዝናለች፣ ጓዳው እስከ ጣሪያው በጆንያ ሞልቷል። ከመሀላቸው አንዱ "ይሄ ሁሉ የማን ነው?" ሲል ቀና ብላ እንኳን ሳታየው "የኔ ነው" አለች። ምላሷ የለመደውን ተናገረ። እኔም በግድግዳው ሰምቼ፣ ደላላ መጥቶባት ነው ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ውጤቱ ሲነገራት ከደረጃ ሐ ወጥታ ደረጃ ሀ ገብታለች። የበርበሬና የእህል ጅምላ ነጋዴ ሆናለች ማለት ነው። ሂሳብ አዋቂ ቅጠሪ፣ መዝገብ ያዢ፣ የሽያጭ ማሽን ግዢ፣ ቫት ሰብስቢ ተባለች፤ ክብሪት በፍሬ የምትሸጥ ሴት። ያን ቀን ሱቋን በጊዜ ዘጋችና እኔ ዘንድ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዕቃውን ሸጣ ቡሬ ወንድሟ ቤት እንደምትገባ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቅሬታ እንድታቀርብ ጎትጉቼ አብሬያት ገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። የቅሬታ ሰሚዎቹ ሰብሳቢ ህይወት የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ዓፊፋን ወንበር ሰጥታ ዳር እስከ ዳር አዳመጠቻት።

"እናቴ፣ የኔ ነው ያሉት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት" አለቻት በመጨረሻ። "ደንቡ የሚጠይቀው ዕቃው የት ተቀመጠ ብሎ አይደለም፣ ማን ሸጦ ገቢ አገኘበት ብሎ ነው። የሌላ ሰው ከሆነ ደረጃዎ አይነካም። ባለቤቶቹ ግን ቀርበው ይናገሩልን።"

ቀጠሮው ማክሰኞ ሆነ። ዓፊፋ ግን መልእክት አልልክም ብላ ድርቅ አለች። ወቅቱ የዘር ነው፤ በሬ አስፈትቼ ሰው ለራሴ ጉዳይ አላንከራትትም አለች። እኔ በዚህ ተናድጄ ወደ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም በሚሄደው መኪና ላይ ለተሳፈረው ሰው ሁሉ ነገርኩ። ልቤ ግን አላመነም። ግብር ጣይ ፊት ቆሞ ያ ሁሉ በርበሬ የኔ ነው የሚል ገበሬ የት ይገኛል? እኔ ራሴ እንኳ ስለ ገቢዬ ስጠየቅ የማወራው ስለ ጉልበቴ ሕመም ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ማንም አልመጣም። ዓፊፋ ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ረፋዱ ላይ ግን ግቢው በጭቃ እግር ተሞላ። ከፊት ያሉት አያ አለበል፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት የቋሪት ገበሬ ናቸው። ከኋላቸው አቻምየለሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከሷም ኋላ ሌሎቹ። ህይወት ጆንያው የማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ አለቀላት አልኩ።

አያ አለበል ዱላቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

"ግብርም ብትጥሉብኝ ጣሉብኝ የኔ ልጅ። በቀይ ጨርቅ የታሰረው በርበሬ የኔ ነው። ይቺ ሴት ለኛ ብላ ስንት ዘመን የኔ ነው ስትል ኖራለች፤ ዛሬስ እኛ እንበል እንጂ።"

ከዚያማ ማን ያቁማቸው? በቆሎው የኔ ነው፣ ዳጉሳው የኔ ነው፣ አቻምየለሽም ግማሿ ጆንያ የኔ ናት አለች። ህይወት እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ እነሱ የእርሻ ግብራቸውን በየቀበሌያቸው ስለሚከፍሉ በዚህ ጆንያ የሚጣልባቸው ነገር እንደሌለ ነገረቻቸው። አያ አለበል ይህን ሲሰሙ የቀረበላቸው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ዓፊፋም በሳምንቱ ወደ ደረጃዋ፣ ወደ ደረጃ ሐ ተመለሰች።

ውጪ ስንወጣ ምስጋና ይቀድማል ብዬ ስጠብቅ ዓፊፋ ትቆጣቸው ጀመር። ዘሩን ትታችሁ፣ ሰማዩ እንዲህ ጠቁሮ፣ ማን ኑ አላችሁ እያለች። መሀል ላይ አቋርጣ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። አቻምየለሽ አቅፋት እሷም አብራት አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጠርጌያለሁ፤ ወንድ ነኝ ብዬ የምደብቀው ነገር አይደለም።

ሐምሌ እንደገባ ግብር ልንከፍል አብረን ሄድን። እኔ እንደ ወትሮዬ ሰልፉ ላይ ቆሜ ስነጫነጭ ዓፊፋ የደረጃ ሐ ግብሯን ከፍላ ወጣች። ፊቷ በርቷል። ግብር ከፍሎ እንደዚያ ደስ ብሎት የወጣ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።