የአክስቴን ባል የጠረጠርኩበት ክረምት

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ሱዳን፣ ማላካል ነው፤ አማርኛ ያስተማረችኝ ኢትዮጵያዊቷ እናቴ ናት። በዚያ ክረምት ባሮ ሲሞላ ጋምቤላ፣ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ እንድመለስ በመርከብ ላከችኝ። የአክስቴ ባል ከጅማ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ወንዙ አጠገብ ባለው ሱቁ ጨርቅና ጨው ይሸጣል፣ የአዞ ቆዳ ይገዛል። ዝምተኛ ቢሆንም እኔን እንደ ልጁ ነበር የሚያየኝ።

አንድ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ልብስ ልናጥብ ወንዝ ስንወርድ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። ለሱቁ ቆዳ የሚያመጣው አዞ አዳኝ ሞቶ ዳር ላይ ተጋድሟል። ሁሉም አዞ ነው የገደለው አለ። እኔ ግን ተጠግቼ አየሁት። እጅ እግሩ ደህና ነው፤ የጥርስ ምልክት የለበትም። የተጎዳው ማጅራቱ ብቻ ነበር። ለአክስቴ ብነግራት ሬሳ አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ብላ ጎተተችኝ። ፖሊስ እስኪደርስ ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ ነበር።

ቤት ስንመለስ ባሏ ጓሮ ተቀምጦ ሸሚዙን ራሱ ያጥባል። ያንን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። መዳፉ ተቆርጧል። «ምን ሆነው ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ሽቦ ነው» አለኝ። በቤቱም በሱቁም ሽቦ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እሱ ባለበት ማዕድ አልቀርብም ነበር። ሱቅ ብቻዬን በቀረሁ ቁጥር ዕቃውን እበረብራለሁ። ምንም አላገኘሁም፤ ባለማግኘቴ ግን ጥርጣሬዬ አልቀነሰም።

በሣልስቱ ለቅሶ ሄድን። የሟቹ የአደን ጓደኛ፣ አዞው እንዴት እግሩን ነክሶ ከታንኳው እንደጎተተው እያለቀሰ ያወራል።

«የትኛውን እግሩን?» አልኩት።

«ቀኙን።»

«ቀኝ እግሩማ ምንም አልሆነም። አይቼዋለሁ።»

 ድንኳኑ ጥግ ላይ የተቀመጠው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ተነስቶ ሰውየውን ወደ ውጭ ይዞት ወጣ። ሰውየው በማግስቱ አመነ። ትልቁን አዞ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም ተባብለው ተጣልተው በመቅዘፊያ መትቶት ኖሯል። ለፍርድ ወደ ጎሬ ወሰዱት።

ያን ዕለት የአክስቴ ባል እውነቱን ነገረን። የዚያን ቀን ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ታጥቦ ውዱእ ሊያደርግ ወንዝ ወርዶ ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው። ሊያወጣው ሲታገል ሸምበቆ እጁን ቆረጠው፤ ሸሚዙም በደም ተበላሸ።

«ገደልከው እንዳይሉኝ ፈርቼ ትቼው መጣሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም እንደዚያው አስበሻል።»

እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ተነሺ ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ። አክስቴ ግን ለቀናት አኮረፈችኝ።

የመመለሻዬ ቀን ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ ወደቡ ድረስ አደረሰኝ፤ መርከበኛውንም ዝናብ የማይደርስበት ቦታ እንዲሰጠኝ በዓረብኛ ለመነልኝ። ልሰናበተው ስዞር፣ ዝናቡ ሳይዘው ሱቁን ሊዘጋ ሄዶ ነበር።