የእህቴ ካሎሪሜትርና የኔ ፔርሙዝ

ዛሬ ታናሽ እህቴ ሀያት ክፍል ሙሉ ሰው ፊት «ይሄን ውሃ ማነው የነካው?» ስትል ልቤ ቀጥ አለ። እኔ ነኛ!

ለማታውቁኝ፣ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ሰው የማመላልስ አንደኛ ሹፌር ነኝ። ትምህርት ከሰባተኛ ነው የተውኩት። ሀያት ግን ኬሚስትሪን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። የዛሬውን ፈተና ከወደቀች ነጻ የትምህርት ዕድሏ ይቀራል። ዕቃዋን ተሸክሜላት አብሬያት ክፍል ገባሁ።

ኦቾሎኒ ሲቃጠል ከላዩ ያለው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር ቀድማ ታሰላለች፣ ከዛ አቃጥላ ታሳያለች። ውሃው ያለበትን «ካሎሪሜትር» ይሉታል። የቲማቲም ቆርቆሮ ነው ባካችሁ!

አስልታ «አስራ አምስት ይጨምራል» አለች። እኔ ደግሞ አንዲት ኦቾሎኒ ምን ታሞቃለች ብዬ፣ ዞር ስትል ቀዝቃዛውን ደፍቼ ከፔርሙዜ የሻይ ውሃ ሞላሁላት።

ለካ ከመለኮሷ በፊትም የውሃውን ሙቀት ትለካለች! የሚፈለገው ጭማሪው ነዋ።

«አብዲ፣ አንተ ነህ አይደል?»

«አቦ፣ ልረዳሽ ብዬ ነው!»

«በአላህ፣ እጅህን ኪስህ ክተት።»

አስተማሪው አማርኛ ስለማይሰማ ተረፍኩ።

ቀዝቃዛ ውሃ ለክታ ሞላችና ለኮሰች። ዘጠኝ ብቻ ጨመረ። አለቀልን አልኩ። አስተማሪው በሶማልኛ «ስድስቱስ የት ገባ?» ሲላት፣ «አየሩና ቆርቆሮው ወሰዱት» ብላ አስረዳችው። ሳቀና አሳለፋት። አልሃምዱሊላህ! አሁን ገና ተነፈስኩ።

መኪና ውስጥ ግን «ቆርቆሮውን ማን ገዛው?» ብያታለሁ። ድርሻዬንማ አልተውም።

እናንተስ፣ ልርዳ ብላችሁ ልታበላሹ የነበረው ምንድነው? ጻፉ እንጂ፣ ብቻዬን አልሰደብ።