ኪንታሮት ነው ያልነው

ቢቸና ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሰው ሞት እደምራለሁ። እንጀራዬ ነው፤ ምን ላድርግ? ከየጤና ጣቢያው የመጣውን ሪፖርት ሰብስቤ፣ ዕቅዱን ከክንውኑ አስተያይቼ ለበላይ እልካለሁ። በካንሰር የሚሞተውን ሰው እንቀንሳለን የሚል ግብ አለን። የአንጀት ካንሰር በሚለው ረድፍ ግን ሩብ ዓመት አልፎ ሩብ ዓመት ሲመጣ አንድም ሞት አይገባም። ግምገማ ላይ «ይሄማ ከግብ በላይ ነው!» ተብሎ ይታለፋል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ቤቱ ተኝቶ፣ ስሙ ያልታወቀ በሽታ ጨርሶት የሚቀበረውን ማን ይመዘግበዋል?

አባቴ ሞጣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አምና ሰገራ ሲቀመጡ ደም እያዩ ለማንም ሳይናገሩ ከረሙ፤ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘንድ አይወራም። ወንድሜ ልብሳቸው ላይ አይቶ ደወለልኝና ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሁለታችንን ለብቻ ጠርቶ የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑን ነገረን። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ተማከርን። ምክሩ እንኳ ረጅም አልነበረም፤ ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ገባሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አባባ፣ ኪንታሮት ነው። ትንሽ ቆረጥ ያደርጉልዎትና ይድናሉ» አልኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ! እኔማ ምን ፈርቼ ነበር» አሉ። ፊታቸው ሲፈካ አይቼ ደግ የሠራሁ መሰለኝ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ደህና ሆነው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ቢቸና እኔው ሰፈር ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ሳያት ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ጾም ነው» አለችኝ። «የምን ጾም? ረመዳን ካለፈ ስንት ጊዜው!» ብዬ ጮህሁባት። በአክስት ላይ አይጮህም፣ አውቃለሁ፤ ግን ቁጡ ነኝ፣ አልችልም። እየጎተትሁ ባሕር ዳር አደረስኋት። በሽታው ያው ካንሰር ነው፤ ጉበቷ ድረስ ዘልቋል። ሐኪሙ ይህን ለእኔ ብቻ ከነገረኝ በኋላ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ደም ካዩ ዓመት ሊሆንዎት ነው። ለምን ዘገዩ?» አላት።

አንገቷን ደፋች። «ወንድም ጋሼን ልጠይቀው ሞጣ ሄጄ በሹክሹክታ ብነግረው፣ ‹የእኔም ያው ነው፤ ሐኪም ኪንታሮት ነው ብሎኛል፤ በርበሬ ተዪ፣ ይተውሻል› አለኝ። እኔም በርበሬ ተውሁ።»

በርበሬ ተውሁ! ለአባቴ የዋሸሁት ውሸት ሞጣ ደርሶ፣ ከሞጣ ቢቸና ተሻግሮ፣ የዚችን ሴት አንድ ዓመት በልቷል።

ለወንድሜ ስደውልለት፣ «ለእሷም እንዳትነግሪያት። አባባም አይስሙ፤ ጸጸቱ ይገድላቸዋል» አለኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? እኛ እኮ የሰው በሽታ ነው የደበቅነው!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ለአክስቴ እዚያው ነገርኋት። እጄን ይዛ አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ከዚያ «በሉ ሕክምናው ይጀመር» አለች። ዕድሜ ቢጨምርላት እንጂ አያድናትም። ልጇ መጥታ አጠገቧ ስትተካኝ እኔ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄድሁ።

አባቴ ሱቃቸው ውስጥ ነጠላ እያጠፉ ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርሁ። «አባባ፣ አፉ ይበሉኝ። የእርስዎ ኪንታሮት አይደለም፤ ካንሰር ነው። የአክስቴም እንደዚያው ነው፤ የእሷ ግን ረፍዶበታል።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በወደድሁ። ነጠላውን አስቀመጡት። «ለእኔ አዝናችሁ ነው፤ ለእኔስ ይሁን» አሉ ቀስ ብለው። «እህቴ ምን አደረገቻችሁ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ሰው ለሐኪም የማይለውን፣ ታሞ ለዳነ ሰው ይናገራል። ወደ እኔ እየመጡ ያማከሩኝ አሉ። መስጊድ አጠገቤ የሚሰግዱት ሽማግሌ። ከማዶ ያለው ጤፍ ነጋዴ። ለሁሉም ኪንታሮት ነው አልኋቸው።» ሦስተኛውን ጣት ይዘው ቀሩ።

«ሦስተኛው ማነው፣ አባባ?»

«እሱንማ ባለፈው ጁምዓ ቀበርነው።»

ሱቁን ክፍት ትተው ወጡ፤ ተከተልኋቸው። ጤፍ ነጋዴው ከጆንያው መሐል ተቀምጧል፤ ደንበኞች ቆመዋል። አባቴ ማንንም ሳያፍሩ እጁን ያዙት። «ያልሁህ ሐሰት ነው። እኔን የያዘኝ ካንሰር ነው። ደሙ አልቆመልህ እንደሆን ዛሬውኑ ተነሥና ሂድ።»

ሰውዬው ሚዛኑን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «ኪንታሮት ነው ያለው ሐኪም አልነበረም?»

«አይደለም» አልሁት። «እኔ ነኝ።»