ሲታቀፉ የማይታወቅ ሽጉጥ

ሴትዮዋ ኬንታኪ ውስጥ ወዳለው የሽማግሌው ቨርሊን የጦር መሣሪያ ሱቅ ስትገባ፣ ፖሊስ መሆኗን ለማወቅ የደንብ ልብስ አላስፈለገውም። የለበሰችው ሰፊ የወንድ ሸሚዝ ነው፤ ቀኝ ክንዷ ግን ከጎኗ ራቅ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው። ሽጉጥ የሚንጠለጠልበትን ከባድ የፖሊስ ቀበቶ በየቀኑ የሚታጠቅ ሰው፣ ከሥራ ወጥቶ ቢፈታውም ክንዱ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም።

"ጋሼ፣ ከሥራ ውጭ ሸሚዜ ሥር የምይዘው ትንሽ ሽጉጥ ነበር የምፈልገው።"

ሁለት አወጣላት። የእያንዳንዱን መቀባበያ ወደ ኋላ ስቦ ጥይት እንደሌለበት እያሳየ አቀበላት፤ እሷም በዓይኗ ያየችውን ደግማ ስባ አረጋገጠች። በዚህ ሥራ እንዲህ ሲደረግ የሚቀየም የለም።

ወፈር ያለውን ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ሸሚዟን ለቀቀችበት። "እስቲ ይቀፉኝ።"

"ኧረ ባለቤቴ ትገድለኛለች!"

"የእውነቴን ነው። እሁድ እሁድ አባቴ ጋ ነው ምሳ የምበላው፤ በር ላይ አቅፎ ይቀበለኛል። ፖሊስ የነበረው ወንድሜ ከተገደለ ወዲህ እኔ ሥራውን የተውኩ ይመስለዋል።"

"ታዲያ ሽጉጡን መኪናሽ ውስጥ ተዪዋ።"

"ወንድሜም ያን ቀን መኪናው ውስጥ ነበር የተወው።"

ቨርሊን ከባንኮኒው ጀርባ ወጣና አቀፋት። ወፍራሙ መዳፉን ቆረቆረው። በቀጭኑ ደግመው ሞከሩ፤ ምንም አልተሰማውም።

"በቃ፣ ይሄ ይሁን" አለች ፊቷ ፈካ ብሎ። "አባቴን ማታለል ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ዕድሜውን ሙሉ ፖሊስ ነበር።"

ቨርሊን ከጎኗ ራቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ክንዷን አየት አደረገና፣ ቀጭኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተተላት።