የፈቃድ ደብዳቤ

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የእኔ ሥራ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የኮርስ መጻሕፍት ማዘጋጀት ነበር። ገጹን በስካነር አነሳለሁ፣ ኮምፒውተሩ አሳስቶ ያነበበውን ፊደል አርማለሁ፤ ከዚያ ስልካቸው ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል።

ከአይከል አካባቢ የመጣች አንዲት የታሪክ ተማሪ ነበረች፤ የገጠር ቄስ ልጅ። ዓይኗን ያጣችው በሕፃንነቷ በኩፍኝ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንዱ ኮርስ ከአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚሰጥ ሆነባት። የጻፉት ጡረታ ወጥተው እዚያው ከተማ ቁስቋም ሰፈር የሚኖሩ መምህር ናቸው። መጽሐፉን ተውሳ አመጣችልኝ።

ልጀምር ስል አለቃዬ ያለ ደራሲው ፈቃድ አይሆንም አሉ። እውነት ነበራቸው። ግቢው በር ላይ ያሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ያንኑ መጽሐፍ እያባዙ ሲሸጡ መምህሩ ክፉኛ እንዳዘኑ ሁላችንም ሰምተናል። የፈቃድ ደብዳቤ ጽፌ በሰፈራቸው ሰው እጅ ላክሁላቸው።

መልስ አልመጣም። ዝምታቸውን እምቢታ አድርጌ ወሰድሁት፤ ቤታቸው ድረስ መሄድም አፈርሁ። ልጅቱ ትመጣለች፣ ገና ነው እላታለሁ። የዶርም ጓደኞቿ ያነቡላት ነበር፤ ፈተና ሲቃረብ ግን እነሱም የራሳቸው ጥናት ያዛቸው። ወደቀች። ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች ዕለት ልትሰናበተኝ መጣች። አልወቀሰችኝም።

«አንብቡልኝ እያልሁ ሰው መለመን ሰለቸኝ፣ እታለም» አለችኝ።

በማግስቱ ቁስቋም ሄድሁ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው መምህሩ ናቸው፤ ግድግዳውን እየዳበሱ። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ከወሰደው ዓመት አልፎታል። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ምግብ የምታበስልላቸው ሴት ፊደል አልቆጠረችም። የሰፈራቸው ሰው ለእሷ ሰጥቷት የሄደው ደብዳቤዬ መደርደሪያው ላይ እንደታሸገ ተቀምጧል።

ከፍቼ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ምነው ልጄ፣ በሬን ብታንኳኪ?» አሉ።

የተቀየሙት በሚሸጡት እንጂ ማንበብ ባልቻለ ሰው አለመሆኑን ነገሩኝ። ማየት ከተሳናቸው ተማሪዎች እጅ እንዳይወጣ ብቻ አደራ አሉኝ። እጃቸውን ይዤ የሚፈርሙበትን ቦታ አሳየኋቸው። ልወጣ ስነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስልኩ ለእኔስ ያነብልኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

ሥራውን በሳምንት ጨረስሁት። አንዱን ቅጂ ለእሳቸው ሰጥቼ ሌላውን ይዤ አይከል ወረድሁ። ስልኳ ላይ ከፈትሁላት። አንገቷን ደፍታ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሙሉ አዳመጠችና ድምፁን አጠፋችው።

«ሸጋ ሆኗል» አለች። «ከኔ በኋላ ለሚመጣው ስጪው።»

እንድትመለስ ለመንኋት፣ አባቷም ለመኗት። እምቢ አለች። አባቷ እስከ መኪናው ሸኙኝ፤ እኔም መጽሐፉን ከእሷ በኋላ ለሚመጣው ይዤ ተመለስሁ።