ባለቤቴ የቀዳው ፍል ውኃ

ባለቤቴ በልብ ሕመም በድንገት ሲሞት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የቀዳው ውኃ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ሁለታችንም የምንሠራው ፔታህ ቲክቫ ከተማ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ነው፤ እሱ ከፍል ውኃ ጉድጓዶች ናሙና ይቀዳል፣ እኔ እመረምራለሁ።

ከሐዘኑ ሳምንት በኋላ ሥራ ስገባ አለቃዬ፣ "ናሙናውን ለሌላ ሰው ልስጠው?" አለችኝ።

"እኔው እሠራዋለሁ።"

ጠርሙሶቹ ላይ የእጅ ጽሑፉን ሳይ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ውኃ በጋለ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ያሟሟል፤ ድንጋዩ በጋለ ቁጥር ሲሊካው ይበዛል። ወጥቶ ቢበርድም ቶሎ ስለማይለቀው፣ ከሥር ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ከዚያ እንገምታለን። በሶዲየምና በፖታሲየም ምጣኔም እናመሳክራለን፤ ይህኛው ሌላ ውኃ ቢቀላቀልበትም ብዙ አይለወጥም። የዚያን ቀን ሁለቱ ግምቶች አልተስማሙም፤ የሲሊካው በጣም ዝቅ አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ገብቶበት ይሆናል ብዬ፣ እንደ ልማዴ ምን እንዳየ ልጠይቀው ስልኬን አነሣሁ። ስሙ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

ራሴ ጉድጓዱ ወዳለበት ወደ ደቡብ ሄድኩ። የጉድጓዱ ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"መጨረሻ የመጣ ቀን እየቀዳ ሳለ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ" አሉኝ በዕብራይስጥ። "አምቡላንስ ልጥራ ስለው፣ 'ሚስቴ ትደነግጣለች፤ ነገ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ' አለኝ። ስልክሽን ባውቅ እደውልልሽ ነበር።"

በማግሥቱ ሐኪም ጋ አልሄደም። ከእኔ ጋር ነበር ወደ ሥራ የመጣው፤ መኪና ውስጥ ዝም ሲል ደክሞት መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ቀዝቃዛ ውኃ ያስገባ የነበረውን ስንጥቅ ቱቦ አሳዩኝ፤ በቅርቡ ተጠግኗል። እንደ አዲስ ቀዳሁ። ጠርሙሱን እሳቸው ያዙልኝ። በኋላ ስመረምረው ሁለቱ ግምቶች ተቀራረቡ፤ ሪፖርቱን ጽፌ አስረከብኩ።

ከጉድጓዱ በተመለስኩበት ዕለት ክፋር አቭራሃም ሰፈር ያለው ቤታችን ስደርስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"አባን የሚያውቅ ሰው አገኘሽ?"

"አገኘሁ።"

"ምን አለሽ?"

የሰማሁትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ከዚያ "በሰደር፣ እማ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ በዕብራይስጥ እሺ ማለቷ ነው፤ ጫማዬን አወለቀችልኝና እግሬ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።