ፈርኔት በማንኪያ

ነቀምቴ ውስጥ ቢራ በአጠገቡ እንዲያልፍ የማይፈልግ ሰው ፈርኔት ይጠጣል። የሚጠጣው ግን በማንኪያ ነው። በብርጭቆ ከቀረበ መጠጥ ነው፣ በማንኪያ ከቀረበ የሆድ መድኃኒት ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ በመምህርነት ተዛውሬ ስመጣ ወጥቶ፣ ጸድቆ፣ ሥራ ላይ ውሎ ነው ያገኘሁት። ጥሬ ሥጋ የበላ፣ ቅቤ የበዛበት፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሁሉ ከሱቅ ያን ጥቁር፣ መራራ፣ የሥራ ሥርና የቅጠል ሽታ ያለው የጣሊያን መጠጥ ያስመጣና በሻይ ማንኪያ ይለካል። ከዋጠ በኋላ ፊቱን ያጨማድዳል። ማጨማደዱ የግድ ነው። ደስ ካላለው ኃጢአት አይሆንበትማ።

እኔ ያደግሁት ወሎ፣ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ነው። እናቴ ለሚካኤል ዝክር ስትደግስ ጠላው ጠላ ይባላል፣ አረቄውም አረቄ። ቄሱም ቀምሰው ይመርቃሉ እንጂ ስሙን አይለውጡለትም። ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች ማንኪያ መናቄን አልደብቅም። አለመጠጣታቸውን አከብራለሁ፤ የሚያስጠላኝ እየጠጡ አለመጠጣታቸው ነው።

የተከራየሁት ግቢ ባለቤት ግን ከነሱ ወገን አልነበሩም። ሁሉም «አዴ»፣ እናታችን እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጴንጤ ናቸው፤ የእናቶች መዘምራን ውስጥ ይዘምራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ጸጉሬ ሸብቶም ቢሆን እኔን የሚጠሩኝ «ሚጡ» ብለው ነው፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ባላቸውን የገደለው አረቄ ነው። ይህን ራሳቸው ነግረውኛል፤ ማታ ማታ በጀርባቸው አዝለው ያስገቡት እንደነበርም ጭምር። የቀበሩት ዕለት ዳግመኛ አልኮል የሚባል ነገር በአፌ አይገባም ብለው ለአምላካቸው ተሳሉ። የሳል ሽሮፕ እንኳ ሲታዘዝላቸው «ሚጡ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቂልኝ» ብለው ፋርማሲ ይልኩኛል። የእኔና የእሳቸው ጸሎት ይለያያል፣ ስለት ግን የትም ስለት ነው።

እንግዲህ ልጃቸው ከጣሊያን አገር የተመለሰው ወደዚህ ቤት ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ መጣ። የመጠጥ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ ይላል፤ እህቱ ግን ብርጭቆ ያጥብ ነበር ትላለች። ብርጭቆ ማጠብ ነውር የለበትም። ነውሩ ያጠበው ሰው ሲያስተምረን ነው።

ሻንጣውን ሲከፍት ከልብሱ ጠርሙሱ ይበልጥ ነበር። ፈርኔት ስንለው ተቆጣ። አማሮ በሉት፣ በጣሊያንኛ መራራ ማለት ነው፣ ፈርኔት ከአማሮ ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው፣ ይህ ደግሞ የተራራ ቅጠል ነው አለ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ ሰው ይሰበስብ ጀመር። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ይመጣል፤ የአዴ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው፣ ባለ ኮፍያው፣ ይመጣሉ፤ ሌላም ሁለት ሦስት ይኖራል። ሁሉም ጨጓራ አለበት። በከተማው ይህን ያህል ጨጓራ መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትምህርቱ ይህ ነበር፦ መራራ ብቻውን አይሄድም፣ ጓደኛ ይፈለግለታል። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ አቀረበላቸው፤ ልጣጩን ጨምቆ ሽታውን ማንኪያው ላይ ይረጫል። ጣሊያን አገር ጥቁር ቸኮሌት ነበር፣ እዚህ ግን ስለጠፋ ከኬክ ቤት ሮዝ ክሬም ያለው ኬክ ገዛ። ርዕሰ መምህሩ ቀምሶ «ሳሙና ሳሙና ይላል» ሲል፣ ምላስህ ገና አልሠለጠነም ተባለ። ሰውዬው አፍሮ ሁለተኛውን ማንኪያ አመሰገነ። በሌላ እሑድ የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ መጣ፤ አንጮቴ ሥር ስለሆነ ከሥር መጠጥ ጋር ይዋደዳል አለ። አልተዋደዱም። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «እንዴት ያለ መድኃኒት ነው» አሉ፣ ያለ አንጮቴው ደገሙ።

ለእኔም ባለፍኩ ቁጥር ማንኪያ ይዘረጋልኛል። «እህቴ፣ እናንተ እኮ አልተከለከላችሁም» ይለኛል።

«አልተከለከልኩም፣ አልፈለግኩም» እለውና ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ከማንም እጅ እቀምስ ይሆናል፣ ከሱ እጅ ግን አልቀምስም ብዬ ነበር።

የዚያን እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አዴ በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጃቸው ቡና ቀላ ሥሪልኝ ብሏቸው፣ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው በሳህን ይዘው መጥተዋል። በእጃቸው የሠሩት ስለሆነ ደስ ብሏቸዋል። እሱም ለእንግዶቹ ንግግር ካደረገ በኋላ አንድ ማንኪያ ሞልቶ ለእናቱ አቀበለ። «የዕፅ ጭማቂ ነው ሃርሜ፣ ለሆድሽ» አለ።

ተቀበሉትና ቀመሱ። ከዚያ ቆም አሉ። ማታ ማታ በማር በጥብጠህ የምትሰጠኝ ይህ ነው ወይ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት፤ እሱም ሳያፍር አዎ አለ። ያን ጊዜ ነው እኔም ያወቅሁት። ለካ በመኝታ ቤታቸው፣ በቡና ስኒ፣ ማር እየጨመረ ሲግታቸው ከርሟል። ማር ሽታውን ደብቆት ነበር። አሁን ያለ ማር ሲመጣ አፍንጫቸው አንድ ነገር አስታወሳቸው። ማንኪያውን አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ፣ ከዚያ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩት።

«ሚጡ፣ ኮቱ» አሉኝ። ቀረብኩ። «አንቺ ጠላ ቤት ነው ያደግሽው። እዚህ ካለው ሰው ሁሉ መጠጥ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ቅመሽና እውነቱን ንገሪኝ።»

ሽማግሌው ፈጠን ብለው «አዴ፣ መድኃኒት እኮ ነው፣ እኔም የምወስደው…» ማለት ሲጀምሩ፣

«እርስዎን አልጠየቅሁም» አሏቸው።

ልጅየው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ስለ ሰላም ብለሽ፣ እህቴ» አለኝ። ስለ ሰላም! እኔ ስቄ አላውቅም በዚያ በረንዳ ላይ፣ ያን ዕለት ግን ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ቀመስኩት። አዴ በሌላው እጃቸው ከቡና ቀላው ቆንጥረው ሰጡኝ፣ እንደ ልማድ፣ ባዶ አፍ እንዳልቀምስ። እውነቱን ልናገር፤ ገጠመ። የቡናው መራራና የቅጠሉ መራራ ተያያዙ፣ ቅቤው መሐላቸው ገብቶ አለዘባቸው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሁለቱም ያልጠበቅሁት ጣፋጭ ነገር ምላሴ ላይ ቀረ። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር በትክክል አውቆ ኖሯል። ይህን መቀበል እስከዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ ሙቀቱ ጉሮሮዬን ይዞ ወረደ።

«መጠጥ ነው አዴ» አልኩ። «ከጠላ በጣም ይበረታል።»

ርዕሰ መምህሩ ጫማውን ያይ ነበር። ልጅየው ጣሊያን አገር ሐኪሞች ሳይቀሩ ያዝዙታል፣ እዚያ እናቶች ሁሉ ይጠጡታል እያለ ብዙ አወራ። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አባትህን የቀበርነው እኮ አብረን ነው» አሉት። ሌላ አልጨመሩም፣ ገብተው በሩን ዘጉ።

በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ቆመው ተናዘዙ። እኔ አልነበርኩም፤ አብራቸው የምትዘምር ጎረቤት ናት የነገረችኝ። አልኮል በአፌ ገብቷል፣ ስለቴ ፈርሷል አሉ። ልጄ አታለለኝ አላሉም። ከኔ ሌላም የጠጣ አለ አላሉም። የሽማግሌዎች ጉባኤ ተሰበሰበና ለጥቂት ወራት ከጌታ እራት አገዳቸው፣ ከመዘምራኑም አወጣቸው። ውሳኔውን ያነበቡት ባለ ኮፍያው ሽማግሌ ናቸው። ስለ ደካማዪቱ እህታችን እንጸልይ ብለው ራሳቸው ጸለዩ፤ ድምፃቸውም ተንቀጠቀጠ አሉ። ጨጓራቸው ይሆናል።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። የዚያኑ ዕለት አዴ ጎመን ሲቀነጥሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አልተውኩላቸውም። ይናገሩ፣ አልኳቸው። እኔ ምስክር ነኝ፤ በየእሑዱ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደገመ አውቃለሁ፤ የእናንተ ሰው ባልሆንም ከፈለጉ ጉባኤው ፊት ቆሜ ስማቸውን እጠራለሁ። እርስዎ ሳያውቁ ጠጥተው ተቀጡ፣ እነሱ አውቀው ጠጥተው ቀጡዎት።

ጎመኑን መቀንጠስ አላቆሙም። «ሚጡ፣ እኔ የተሳልኩት ስለ አፌ ነው። ስለነሱ አፍ አልተሳልኩም» አሉኝ።

«እና ዝም ሊሉ ነው?»

«አንቺም ዝም ትያለሽ። የማንንም ስም እንዳትጠሪ። ማይልኝ።»

እኔ መሐላ አልወድም፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም፤ እንዲያው ቃል ገባሁላቸው። ልጅየው በወሩ ጠርሙሱን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ፤ እናቱ በልተህ ነው ወይ እያሉ ይደውሉለታል። ሽማግሌው እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን አንሥተው «አካም ጂርታ» ይሉኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አልፋለሁ። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ለአንዲት ሴት ቃል ስለገባሁ ነው፤ ለእሳቸው አዝኜ አይደለም።